ሦስተኛው ልደቴ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። የተቀየረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ወረቀት ላይ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ትቼዋለሁ። ነገር ግን በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ልመዘገብ ስሄድ፣ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሴት የልደት ካርዴን አይታ ቀና አለችና «መስከረም አንድ፣ ሁለት ሺህ! የሚሊኒየም ልጅ! ታድለሽ!» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ተማሪዎች ሳቁ። እኔም እንደ ልማዴ ሳቅሁ። ከዚያ ማኅተሙን ቀለም አስነክታ ወረቀቴ ላይ አሳረፈችው። የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሳቄ ቆመ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ የአባቴን እጅ ይዤ የቆምኩበት ሌላ መስኮት ትዝ አለኝ። ለማንም የማይረባ ታሪክ ቢሆንም እንኳ ለዚያ እጅ ስል ልጻፈው።

የተወለድኩት መስከረም አንድ አይደለም። አንድ ቀን ቀደም ብዬ፣ በ1999 ጳጉሜን ስድስት ነው የተወለድኩት። አባቴ ሰዒድ ከመገናኛ ገርጂ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። በዚያን ቀን የቦሌ መንገድ ለነገው በዓል መብራት ይሰቀልበት ስለነበር መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሟል። አባቴ ጤና ጣቢያው ሲደርስ እኔ ተወልጄ፣ ታጥቤ፣ በነጠላ ተጠቅልዬ ጠበቅሁት።

«አንድ ቀን ብትታገሺ ኖሮ አገር ሙሉ ርችት ይተኮስልሽ ነበር» ይለኝ ነበር። «ምን አስቸኮለሽ?»

ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በየአራት ዓመቱ ነው። ስለዚህ በአባቴ ሒሳብ እኔም የማድገው በየአራት ዓመቱ ነበር። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ «ልጄ ሁለት ሞላት» ብሎ ታክሲ ተራው ላይ አወራ። ጋቢና አስቀምጦኝ ሲነዳ ከጎኔ የሚቀመጠውን ተሳፋሪ «ይቺን ልጅ ስንት ዓመቷ ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው አሥር ወይም አሥራ አንድ ሲል፣ አባቴ ራሱን እየነቀነቀ «ገና ሦስት አልሞላትም፤ ቁመቷን አትይ» ይላል። ረዳቱም ከኋላ ሆኖ «ጡት ያስጣልናት ባለፈው ሳምንት ነው!» ብሎ ይጨምራል። በጣም አፍር ነበር። ግን አንድ ቀን ሳይጠይቅ ከቀረ ቅር ይለኛል።

ሦስተኛው ልደቴ የሚውለው በ2011 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ነበር። አባቴ ሦስት ሻማ የተሰካበት ቶርታ ቃል ገብቶልኛል። አባቴ ቃል ከገባ ደግሞ አለቀ።

ይህን ስል ለማጋነን አይደለም። የገርጂ ተራ ላይ ሾፌሮች ሲጣሉ «ሰዒድ ይናገር» ይባል ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብሬው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጋሽ ተስፋዬ የሚባለው የአባቴ የልብ ጓደኛ የአንድ ሌላ ሾፌር ስፖኪዮ ሰብሮ እየተጨቃጨቀ መጣ። ጋሽ ተስፋዬ ወፍራም ነው፤ ኮፍያ ከራሱ አይለይም፤ እኔን «ሕፃኗ» ነው የሚለኝ።

«ሰዒዶ፣ አንተ ከኋላችን ነበርክ። እሱ አይደል የገባብኝ?»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንተ ነህ ተስፍሽ። መሪውን ቶሎ አዞርከው።»

«እንዴ! ጓደኛህ እኮ ነኝ!»

«ጓደኛዬ ስለሆንክማ ነው ሳላንዛዛ የነገርኩህ።»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ተስፋዬ ሲሳደብ ቆይቶ ስፖኪዮውን ሊያስገጥም ሄደ። በሳምንቱ ራሱ በተራው ተገጨና መጀመሪያ የጠራው አባቴን ነበር። «ሰዒድ አለ ካለ፣ አለ ነው» ይል ነበር ኮፍያውን እያስተካከለ። እኔ ያኔ ይሄ ነገር ለአባቴ ብቻ የተሰጠ መሆኑን አላውቅም። አባት የሆነ ሰው ሁሉ የሚጠየቅ፣ ሲናገርም ጭቅጭቅ የሚቆምለት ይመስለኝ ነበር።

ያ ዓመት ለቤታችን ትልቅ ዓመት ነበር። በታኅሣሥ ወንድሜ ዩሱፍ ተወለደ። እናቴ ከእኔ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ስትጠብቅ ኖራለች፤ ስለዚህ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሾላ ገበያ አብረዋት ቅመም የሚሸጡትም ሴቶች ጭምር፣ ገንፎ ሊበሉ መጡ። ሁሉም በሩ ላይ ያገኙኝና «እሰይ፣ ወንድም አገኘሽ!» ይሉኛል። ማንም ግን «አንቺስ ደህና ነሽ?» አላለኝም። ወይም ብለውኝ አልሰማሁም ይሆናል።

እናቴ ከሕፃኑ ጋር ስለተያዘች ጸጉሬን የሚያስረው አባቴ ሆነ። አያውቅበትም። ረዳቱ የብር ኖት የሚያስርበትን ላስቲክ ያመጣና ጸጉሬን እንደ መጥረጊያ አንድ ላይ ሰብስቦ ያጠብቀዋል፤ ማታ ሲፈታው ጸጉሬ አብሮ ይነቀላል። «አመመሽ?» ይላል። «አላመመኝም» እላለሁ፤ ያምመኛል። ግን ያቺ ጠዋት ጠዋት የምናሳልፋት ጊዜ የእኔ ብቻ ነበረች። ከዚያ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ያደርሰኝና ልምምዱ እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል። ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ ጡሩምባ ይነፋል። ኮቻችን ብርሃኑ «አቶ ሰዒድ፣ ልጆቹ እየደነገጡ ነው» እያለ ስንቴ ለምኖታል።

የሴት ሕፃናት ቡድን ነበረን። እኔ የምጫወተው በግራ ክንፍ ነበር። በኔ ቦታ ተቀያሪዋ ቅድስት ነበረች፤ ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር፣ አብራኝ ትምህርት ቤት የምትሄድ ጓደኛዬ። ቅድስት ከኔ ቀርፋፋ ነበረች፤ ግን ስትወድቅ አታለቅስም።

በሐምሌ አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ኮች ጭቃው ላይ አሰለፈን። ሐዋሳ ላይ የታዳጊዎች ውድድር አለ አለ። ስንጮህ ዝም አሰኘን።

«ቆይ፣ ቆይ! የሚሄደው በሁለት ሺህ እና ከዚያ ወዲህ የተወለደ ብቻ ነው። በየተራ የተወለዳችሁበትን ቀን ንገሩኝ። የልደት ካርድም ታመጣላችሁ።»

ደብተሩን ይዞ ከአንዷ ወደ አንዷ መጣ። ቅድስት ከጎኔ «ጥር አሥራ ሁለት፣ ሁለት ሺህ» አለች። ተራው የኔ ሆነ። አስቤበት ነበር ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር፤ ግን አላሰብኩበትም። አፌ ብቻውን «መስከረም አንድ፣ ሁለት ሺህ» አለ።

«ለጥቂት!» አለ ኮች፤ ጻፈው።

ወደ ቤት ስንመለስ ቅድስት ጠጠር በእግሯ እየመታች ከፊቴ ሄደች። ደረጃው ጋ ስንደርስ «አንቺ፣ ሦስት ዓመትሽ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«አንድ ቀን እኮ ናት።»

«እኔ ምን አልኩ? አልናገርም።»

እኔ ከቀረሁ በእኔ ቦታ የምትሄደው እሷ ነበረች። ይህን እሷም እኔም እናውቅ ነበር። አልናገርም አለች፤ አልተናገረችም።

ለአባቴ ስነግረው በመጀመሪያ የሐዋሳውን ብቻ ነው የነገርኩት። ደስ ብሎት ዩሱፍን ወደ ላይ ወረወረው። ቀጥዬ የልደት ካርድ ማውጣት እንዳለብን፣ ካርዱም ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ስነግረው ዩሱፍን ለእናቴ ሰጣትና ተቀመጠ።

«ሰሚርዬ፣ አንቺ የተወለድሽው ጳጉሜን ስድስት ነው።»

«አንድ ቀን ናት፣ አባዬ!»

«አንድ ቀንም ቀን ናት። ለኮችሽ እኔ እነግረዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ከትልልቆቹ ጋር ትጫወቻለሽ።»

«እንዳትነግረው!»

እናቴ ከመኝታ ቤት «ተዋት፣ ይወጣላታል» አለች። አልወጣልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አኮረፍኩ። ጠዋት ጸጉሬን ሊያስር ሲመጣ ራሴ አስሬ እጠብቀዋለሁ። ጋቢና አልቀመጥም ብዬ ኋላ ወንበር ሄጃለሁ። አባቴ ተሳፋሪዎችን ስለ ዕድሜዬ መጠየቁን ተወ። ለኮችም አልነገረውም፤ ዛሬ ነገ ሲል፣ የኔን ፊት ሲያይ፣ ቀኑ ሄደ።

በነሐሴ መጀመሪያ ለአረፋ ወደ ኮምቦልቻ ሄድን፣ በራሳችን ሚኒባስ፣ ዩሱፍን አያቴ እንዲያዩት። አያቴ አባባ ይመር ያኔ ዓይናቸው ደክሟል፤ ዩሱፍን በእጃቸው እየዳበሱ ነው ያወቁት። ከበዓሉ ማግስት ከመደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ኪታብ አወረዱ። ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የቤተሰቡ ልጆች ሁሉ የተወለዱበት ቀን በእጅ ተጽፏል። ዩሱፍን እንድጽፍላቸው እስኪርብቶ ሰጡኝ፤ ዓይናቸው ስለማያይ። ከሱ በላይ ያለውን መስመር ደግሞ በቃላቸው ያውቁታል።

«ሰሚራ ሰዒድ። ጳጉሜን ስድስት፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት። አባትሽ ስልክ ደውሎ እያለቀሰ ነገረኝ። እንዳይረሳኝ ወዲያው ጻፍኩት» አሉኝ። «ሰዒድ ሲያለቅስ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ምን ሆነህ ነው ብለው፣ ሴት ልጅ አገኘሁ አለኝ።»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔ ስለዚያ ልቅሶ አላሰብኩም። ያሰብኩት ያ ጽሑፍ አዲስ አበባ አለመኖሩ ደግ ሆነ ብዬ ነው።

ስንመለስ ጣርማበርን ወጥተን ብርዱ መስኮቱን ሲያደበዝዝ አባቴ መኪናውን አቆመና ቆሎ ሊገዛ ወረደ። እናቴና ዩሱፍ ከኋላ ስለተኙ እኔ ሳልወድ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ተመልሶ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተና በወረቀት የተጠቀለለውን ትኩስ ቆሎ ዘረጋልኝ።

«ያዥ እንጂ። እስከ መቼ ነው?»

አልተቀበልኩትም። ወደ ፊት እያየሁ «ለዩሱፍ ቢሆን ኖሮ ታደርገው ነበር» አልኩት።

እውነት አልነበረም፤ ስናገረውም አውቄዋለሁ። ላስቲኩንም፣ ጡሩምባውንም አውቃለሁ። ግን የት ጋ እንደሚያም ፈልጌ ያገኘሁት ይመስለኛል። አባቴ እጁን እንደዘረጋ ቆመ። ጉም በመሃላችን አለፈ። ከዚያ ቆሎውን ጭኔ ላይ አስቀምጦ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። አዲስ አበባ እስክንገባ ሬዲዮ አልከፈተም።

በማግስቱ «ልበሺ፣ ወረዳ እንሄዳለን» አለኝ።

የወረዳው ቢሮ ሰው ሞልቶት ነበር። ተራችን ሲደርስ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ወጣት ቅጹን አውጥቶ «የተወለደችበትን ቀን ይንገሩኝ» አለ። አባቴ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። እጁን ይዤው ነበር፤ አልቦኛል ወይስ አልቦታል አላውቅም።

«መስከረም አንድ። ሁለት ሺህ።»

«ኦ! የሚሊኒየም ልጅ! ከጤና ጣቢያ የተሰጠ ወረቀት አለ?»

«ጠፍቷል» አለ አባቴ።

ወረቀቱ አልጠፋም። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ቡናማ ፖስታ ውስጥ ነበር። ወጣቱ የተናገሩት እውነት መሆኑን ያረጋግጡ ብሎ የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳየው። አባቴ ከቅጹ ላይ ሳይሆን ከወጣቱ ጣት ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ፈረመ። ወረዳው ውስጥ የነበረው የማኅተም ቀለም ሽታ ያኔ የደስታ ሽታ መስሎኝ ነበር። እጁን ጨመቅ አደረግሁት። መልሶ አልጨመቀኝም፤ ቸኩሎ ነው አልኩ።

ስንወጣ ሳምቡሳ ገዛልኝ። ቆሜ ስበላ እሱ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሄዶ አፉን ይጉመጠመጥ ጀመር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ከዚያም ደገመው። ቃሪያው አቃጥሎት ነው ብዬ ሳቅሁበት። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እሱ ሳምቡሳ እንዳልበላ ትዝ ያለኝ።

በዚያው ሳምንት ተራው ላይ ሁለት ሾፌሮች ተጣሉ። አንደኛው እየሮጠ መኪናችን ጋ መጣ። «ሰዒድ፣ አንተ አይተሃል፤ ውረድና ተናገር!»

«እኔን ተዉኝ። ሌላ ሰው ጠይቁ» አለ አባቴ፤ ሞተሩን አስነሳ።

ልምምድ እንዳይረፍድብኝ ብሎ ነው አልኩ በልቤ። ኮራሁ። ከዩሱፍም፣ ከሾፌሮቹም፣ ከሁሉም በላይ እኔን አስቀደመኝ ብዬ ጋቢና ውስጥ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ያንን ሳስታውስ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ውሸቴ አይደለም፤ ያ ኩራቴ ነው።

ወደ ሐዋሳ የምንሄድ ዕለት ማለዳ ቅድስት እናቷን አስከትላ ልትሸኘኝ ወረደች። እናቷ እትዬ አልማዝ በሶና ዳቦ ቆሎ አሲዘውኛል። ቅድስት የራሷን የእግር መከላከያ ከካልሲዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

«የአንቺ ተሰንጥቋል። ይሄን አድርጊ፤ ግን መልሺልኝ።»

«ጎል ካገባሁ ላንቺ ነው» አልኳት።

«ዝም ብለሽ አትውደቂ እንጂ» አለችኝና ሳቀች። አውቶቡሱ ሲነሳ ግን እያየችኝ አልነበረም፤ ወደ ሜዳው ዞራለች።

አባቴ አልመጣም። ሥራ አለኝ አለ።

ሐዋሳ ላይ ሁለት ጨዋታ ተጫወትን፣ ሁለቱንም ተሸነፍን። በመጀመሪያው ከዕረፍት በኋላ ገብቼ ኳስ አራቴ ነካሁ፤ በሁለተኛው ተንሸራትቼ ወደቅሁና ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ሐይቁን አየሁ፣ አሣ በላሁ፤ አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ ኮች ዳቦ አስዋጠኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴ የከፈለበት ነገር ይህን ያህል ነበር።

ተመልሼ ለቅድስት መከላከያዋን ሰጠኋት። «እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ቆንጆ ነበር» አልኳት። ከዚያ ወዲህ አብረን ትምህርት ቤት መሄዳችን ባይቀርም፣ ሦስት ዓመትሽ ብላ አሹፋብኝ አታውቅም።

ጳጉሜን ገባ። ልጆቹ ዝናብ ሲመጣ ግቢው ውስጥ እየጮሁ ይጠመቁ ነበር፤ እኔ እግሬን ይዤ ከበረንዳ ቀኑን እቆጥራለሁ። አራት። አምስት። በስድስተኛው ቀን ከእንቅልፌ ተነሳሁና ወጥ ቤት ገብቼ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ፤ ቶርታ የለም። ያመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ አባቴ ገባ፤ የያዘው ለነገው በዓል የታዘዘውን ሽንኩርት ብቻ ነው።

ልጠይቀው ስል በር ተንኳኳ። ጋሽ ተስፋዬ ነበር፤ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ራሰ በራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ኢምፔሪያል አደባባይ ላይ አንድ የቤት መኪና ገጭቶት፣ ባለመኪናው ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎት፣ ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃዱን ይዞበታል።

«ሰዒዶ፣ ከኋላዬ ነበርክ። ለፖሊሱ ነግረህልኝ እንምጣ፤ በዓል ሳይገባ።»

አባቴ ሽንኩርቱን ሲያስቀምጥ ከፌስታሉ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ተስፍሽ፣ እኔ አልመሰክርም።»

«እንዴ? አላየህም?»

«አይቻለሁ። ጥፋቱ የሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«የኔ ቃል ከእንግዲህ ምስክር አይሆንም» አለ አባቴ። ጋሽ ተስፋዬ ወደ እናቴ አየ፣ እናቴ ዩሱፍን እያባበለች ፊቷን አዞረች። ቤቱ ጨነቀው። እኔ፣ በመሃል ያለውን ነገር ሳላውቅ፣ ጭንቁን ላቀልለው ብዬ «አባዬ፣ ዛሬ እኮ ልደቴ ነው» አልኩ።

ጋሽ ተስፋዬ ወዲያው ፊቱ በራ። ስንት ዓመት የሰማው ቀልድ ነው። «ውይ፣ ሕፃኗ! ዛሬ ሦስት ሞላሽ አይደል! ሰዒዶ፣ ቶርታው የታለ?»

«ልደቷ ነገ ነው» አለ አባቴ።

ጋሽ ተስፋዬ ሳቀ። አዲስ ቀልድ መስሎት መጨረሻውን ጠበቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። «መስከረም አንድ ነው የተወለደችው። ወረቀት አላት» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ጋሽ ተስፋዬ አባቴን አየ፤ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የሐዋሳ ማሊያዬን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሕፃኗ አላለኝም። ኮፍያውን ራሱ ላይ አደረገ፣ «በሉ እንኳን አደረሳችሁ» አለ፣ በሩንም ራሱ ዘግቶት ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ሰማሁት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርቱን ለቀመ፤ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ አብሬው ለቀምኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። አላወጣሁትም፤ ነገ እለዋለሁ ብዬ አሳደርኩት።

ከዚያ ወዲህ ተራው ላይ «ሰዒድ ይናገር» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ያ የሚባልበት ዘመን ያበቃው በሦስተኛው ልደቴ፣ ረቡዕ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።